ለስላሳ የሞላሰስ ኩኪስ በቤት ውስጥ አጋገር

የሞላሰስ ኩኪስ ጠቆር ያለ ቡናማ መልክ፣ የተሰነጣጠቀ ገጽና የዝንጅብል፣ የቀረፋና የቅርንፉድ መዓዛ ያለው፣ ከአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ማዕድ ቤቶች የመጣ ኩኪስ ነው። በአግባቡ ከተጋገረ ለቀናት ሳይደርቅ ይቆያል፤ በቤት ሲሞከር ግን ብዙ ጊዜ በማግስቱ ደርቆ ይገኛል። ሰው ጥፋቱን በዱቄቱ ወይም በቅቤው ላይ ይጥላል፤ እኔ እንደማምነው ግን ኩኪሱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ኦቭን ውስጥ በሚያሳልፋቸው የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች ነው። ሊጡ ገና ሲቦካካ ቡናማ ስለሆነ መብሰሉን ከቀለሙ መለየት አይቻልም፤ ሌላ ኩኪስ ዳር ዳሩ ወርቃማ ሲሆን ማውጣት የለመደ ጋጋሪ ያንኑ ምልክት ሲጠብቅ ሰዓቱ ያልፍበታል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ስለ ንጥረ ነገሮቹ የሚለው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፤ ይኸውም ውሃውን በሊጡ ውስጥ ማቆየት ነው። መጠኑ የተሰጠው እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ለሚጋግሩ ሲሆን፣ በዋሽንግተን፣ በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ ያሉ አንባቢዎች ምን እንደሚለውጡም በቦታው ተገልጿል።

ስለ ሞላሰስ

ሞላሰስ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ፈልቶ ስኳሩ ረግቶ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ ነው። ያው ፈሳሽ በድጋሚ በፈላ ቁጥር ተጨማሪ ስኳር ስለሚወጣለት፣ ከመጀመሪያው ፍል የሚገኘው ፈካ ያለና ጣፋጭ፣ ከሁለተኛው የሚገኘው ጠቆርና ጠንከር ያለ፣ ከሦስተኛው የሚገኘውና «ብላክስትራፕ» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ መራራ ይሆናል። ለዚህ ኩኪስ የሚስማሙት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ብላክስትራፕ በማዕድን የበለጸገ ነው እየተባለ ስለሚመሰገን ብዙዎች ለጤና ብለው ይመርጡታል፤ ነገር ግን ምሬቱ ቅመሙን ይሸፍነዋል፣ ኩኪሱም ለጤና ተብሎ የሚበላ ነገር አይደለም። በማሸጊያው ላይ ሰልፈር ያልተጨመረበት መሆኑ የተጻፈበትን መምረጥ ይሻላል፤ ጣዕሙ የጠራ ነው።

ሞላሰስ በኩኪሱ ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ከተራው ስኳር በተጨማሪ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስላለው ውሃ ይዞ አይለቅም፤ ከአየርም እርጥበት ይስባል፤ የኩኪሱ ልስላሴ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሁለተኛ፣ መጠነኛ አሲድነት ስላለው ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣና ሊጡን ያነሣዋል። ቤኪንግ ፓውደር የማያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ወንጂን፣ መተሐራንና ፊንጫን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሞላሰስ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ይሁንና ከስኳር ፋብሪካዎቻችን የሚወጣው ሞላሰስ የሚውለው ለአልኮል ማምረቻና ለከብት መኖ ነው። ለማድለቢያ በጀሪካን የሚሸጠው ሞላሰስ ለሰው ምግብ ተብሎ ያልተጣራና በምግብ ንጽሕና ደንብ ያልተያዘ ስለሆነ፣ ርካሽ ነው ተብሎ ወደ ማዕድ ቤት መግባት የለበትም። የሚያስፈልገው ለምግብ መሆኑ የተጻፈበት የታሸገ ጠርሙስ ሲሆን፣ ከውጭ የገባ ዕቃ በሚሸጡ ሱፐርማርኬቶች መፈለግ ይገባል። ለአንድ ዙር ኩኪስ የሩብ ኩባያ ያህል ብቻ ስለሚበቃ አንድ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ያገለግላል።

ካልተገኘስ? በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ድብስ»፣ በእስራኤል «ሲላን» የሚባለው የቴምር ሽሮፕ በተመሳሳይ ክብደት ይተካዋል። ከሞላሰስ ይልቅ ጣፋጭ፣ ምሬቱም አነስተኛ ስለሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ቢታከልበት ሶዳውን ለማሠራት ይረዳል። በእንግሊዝ ያሉ «ብላክ ትሪክል» የሚባለውን ያለ ምንም ለውጥ መጠቀም ይችላሉ። ማርም ኩኪስ ያሠራል፤ የሚወጣው ግን የማር ኩኪስ ነው እንጂ ይህኛው አይደለም።

ስለ ቅመሙ

በዚህ በኩል ኢትዮጵያ ውስጥ የሚጋግር ሰው የሚቀናበት ነው፤ አሜሪካዊው ጋጋሪ ከተፈጨ ከወራት በኋላ በትንሽ ብልቃጥ የሚገዛውን ቅመም እኛ ሳይፈጭ እናገኘዋለን። ዋናው ቅመም ዝንጅብል ነው። ደረቁን ዝንጅብል በሙቀጫ ወቅጠው በጥሩ ወንፊት ይንፉት፤ ቃጫው ወንፊቱ ላይ ይቀራል፣ የሚያስፈልገው የወረደው ዱቄት ብቻ ነው። እርጥብ ዝንጅብል ጣዕሙ ሌላ ከመሆኑም በላይ ውሃው ሊጡን ስለሚያቀጥነው የደረቁን ቦታ ሊወስድ አይችልም፤ መጨመር የሚፈልግ ሰው ከደረቁ ሳይቀንስ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ፈግፍጎ ያክልበት።

የገበያው ቀረፋ ወፍራምና ጠንካራ ቅርፊት ስለሆነ በሙቀጫ ለማድቀቅ ያስቸግራል፤ ሰባብሮ በኤሌክትሪክ የቡና መፍጫ መፍጨት ይቀላል። መፍጫው ቡና የለመደ ከሆነ በቅድሚያ አንድ እፍኝ ሩዝ ፈጭተው ይጣሉ፤ የቡናው ሽታ ከሩዙ ጋር ይወጣል። ቅርንፉድን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሩብ የሻይ ማንኪያ ካለፈ ምላስ የሚያደነዝዝ ሲሆን፣ አዲስ የተፈጨው ደግሞ ከታሸገው ስለሚበረታ በእጅ እየገመቱ መጨመር ተገቢ አይደለም።

አሜሪካኖቹ ከእነዚህ በተጨማሪ «ኦልስፓይስ» የሚሉትን ቅመም ያስገባሉ። በእሱ ቦታ ኮረሪማ እንዲገባ እመክራለሁ። ጣዕሙ ከኦልስፓይስ ጋር አንድ አይደለም፤ ከሞላሰስ ጋር ግን ይስማማል፣ በእኔ ምርጫ እንዲያውም ይበልጣል። ቅርፊቱን ሰንጥቀው የሚያብረቀርቁትን ቡናማ ፍሬዎች ያውጡ፤ በላያቸው ያለውን ነጭ ሽፋን አሽተው ያስለቅቁና ሳይቆሉ ይውቀጡ። በጣት የተቆነጠረ ቁንዶ በርበሬ ዝንጅብሉ ጉሮሮ ላይ ሞቅ ብሎ እንዲቆይ ያደርገዋል። በቤት የተዘጋጀ መከለሻ ያላቸው ሰዎች በአቋራጭ እሱን ለመጨመር ይፈተኑ ይሆናል፤ ነጭ አዝሙድ ካለበት ግን ኩኪሱ ወጥ ወጥ ስለሚል ባይነካ ይሻላል።

ስለ መጠኑና ስለ ከፍታው

ከዚህ የሚከተለው መጠን 24 ኩኪስ ይወጣዋል። 310 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድና ቁንጥር ቁንዶ በርበሬ ደረቁ ክፍል ነው። እርጥቡ ክፍል 170 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 175 ግራም ቡናማ ስኳር፣ አንድ እንቁላልና 85 ግራም ሞላሰስ ይሆናል። ለመለወሻ 60 ግራም ያህል ነጭ ስኳር ለብቻ ይቀመጥ። ሁሉም የሻይ ማንኪያ ልክ ያለ ክምር የተሰፈረ ነው፤ ዱቄትን በኩባያ መስፈር እንደ አሰፋፈሩ ብዙ ስለሚለያይ ትንሽ የማዕድ ቤት ሚዛን መግዛት ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጥ ይጠቅማል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ነው፤ ውሃ የሚፈላውም በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህ ለኩኪስ ሦስት መዘዝ አለው። ከሶዳው የሚወጣው ጋዝ ከመጠን በላይ ይለጠጥና ኩኪሱ ተነፍቶ ሳይረጋ ይሟሽሻል፤ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ ውሃው ሲያንስ ደግሞ በቀረው ውሃ ውስጥ የስኳሩ ድርሻ ስለሚበዛ ሊጡ ከመርጋቱ በፊት ተዘርግቶ ይፈሳል። ከውጭ አገር የተገኘን አሠራር ሳይለውጡ አዲስ አበባ ላይ የጋገሩ ብዙዎች ኩኪሱ ትሪው ላይ ተያይዞ አንድ ጠፍጣፋ ነገር የሚሆንባቸው ለዚህ ነው። ከላይ ያለው መጠን ሶዳውንና ስኳሩን ቀንሶ ዱቄቱን የጨመረው ይህንኑ ለመከላከል ነው። በባሕር ወለል አካባቢ የሚጋግሩ ዱቄቱን ወደ 280 ግራም ዝቅ፣ ስኳሩን ወደ 200 ግራም፣ ሶዳውን ደግሞ ወደ ሁለት የሻይ ማንኪያ ከፍ ያድርጉት፤ ድሬዳዋን በመሰለ ከተማ ያሉ ደግሞ የሁለቱን አማካይ ይውሰዱ።

ቡናማ ስኳር ነጭ ስኳር ላይ ሞላሰስ የተጨመረበት ስለሆነ ካልተገኘ አያስጨንቅም፤ 175 ግራም ነጭ ስኳር ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሞላሰስ ጠብ አድርጎ በሹካ ማሸት ይበቃል። ሆኖም የአገራችን ስኳር ፍሬው ትላልቅ በመሆኑ በቅቤ ውስጥ ለመሟሟት ይዘገያል፤ አስቀድሞ በመፍጫ ለጥቂት ሰከንድ ቢዞር ጥሩ ነው፣ እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ ግን አይደለም። ለመለወሻ የሚሆነው ስኳር በአንጻሩ ሳይፈጭ እንዳለ ይሁን። ቅቤውን በተመለከተ ለጋ ቅቤ የውሃው መጠን ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ንጥር ቅቤ ደግሞ ውሃው ያለቀና ቅመም የገባበት ስለሆነ ለዚህ አይመቹም።

አሠራሩ

ቅቤው በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ነገር ግን የማያብረቀርቅና ያልቀለጠ እስኪሆን ከፍሪጅ ውጭ ይቆይ፤ እንቁላሉም አብሮት ይውጣ። ደረቁን ክፍል በሙሉ በወንፊት አንድ ላይ ይንፉ። ሶዳ እየተድቦለቦለ የመቅረት ልማድ ስላለው ይህን ሥራ መዝለል አይገባም፤ ያልተበተነ የሶዳ ጓል የገጠመው ጉራሽ የሳሙና ጣዕም ያገኛል።

ቅቤውንና ስኳሩን በሚክሰር ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ፣ በእጅ ከሆነ በእንጨት ማንኪያ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ፣ ፈካ እስኪል ድረስ ይምቱት። ከዚያ በላይ መምታት ሊጡን በአየር ስለሚሞላው ኩኪሱ ወደ ኬክነት ያደላል። እንቁላሉን ጨምረው እንደተዋሐደ ሞላሰሱን ያፍስሱ። በክረምት ሞላሰሱ ከጠርሙሱ አልወርድ ሊል ይችላል፤ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማቆም፣ የሚሰፈርበትንም ማንኪያ ዘይት መቀባት ሥራውን ያቃልለዋል። በዚህ ጊዜ ድብልቁ የተቆራረጠ ቢመስል አይደንግጡ፤ እንቁላሉ ቀዝቃዛ ስለነበረ ነውና ዱቄቱ ሲገባ ይስተካከላል።

ደረቁን ክፍል በሁለት ጊዜ ይጨምሩና ነጭ ዱቄት መታየቱ ሲያበቃ ወዲያውኑ ያቁሙ። ይህ እንደ ዳቦ ሊጥ የሚታሽ አይደለም፤ በታሸ ቁጥር ይጠነክራል። ሊጡ እጅ ላይ የሚጣበቅና ልል መሆኑ ትክክለኛ ጠባዩ ስለሆነ ተጨማሪ ዱቄት መነስነስ አያስፈልግም፤ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት፣ ቢቻል ለአንድ ሌሊት ይቀመጥ። በዚህ ጊዜ ቅቤው ይጠነክራል፣ ዱቄቱም ውሃውን ይጠጣል፤ ቅመሙም ይሰርጻል። ያደረ ሊጥ የጋገረ ሰው ልዩነቱን ከሽታው ይለየዋል።

ኦቭኑን ወደ 185 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (በዝቅተኛ ቦታ ወደ 175) አስቀድመው ያሙቁ። የቤት ኦቭኖች በቁልፉ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ የሚያከብሩት አልፎ አልፎ ስለሆነ ውስጥ የሚንጠለጠል ቴርሞሜትር ቢኖር መልካም ነው። ከሊጡ 33 ግራም ያህል፣ ማለትም ትንሽ ሎሚ የሚያክል እየቆነጠሩ ያድቦልቡሉ፤ በነጭ ስኳሩ ላይ አንከባለው ዙሪያውን ካለበሱት በኋላ የመጋገሪያ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ በአምስት ሴንቲ ሜትር ርቀት ይደርድሩ። ከላይ አይጫኑት፤ ራሱ ይዘረጋል። ስኳሩ የሚለወሰው ለውበት ብቻ አይደለም፤ የሊጡን ገጽ እርጥበት መጥጦ ስለሚያደርቀው ገጹ ቀድሞ ይረጋል፣ ውስጡ ግን መነሣቱን ስለሚቀጥል ላዩ ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ ሦስቱን ብቻ ይጋግሩ። አንዱን ዙር በሙሉ ከማበላሸት የኦቭኑን ጠባይ በሦስት ኩኪስ ማወቅ ይረክሳል። ከመጠን በላይ ከተዘረጉ ለቀሪው ሊጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምረው ይመልሱት ወይም ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ይቆይ፤ ሳይዘረጉ እንደ ተድቦለቦሉ ከቀሩ ደግሞ የሚቀጥሉትን በመዳፍ ለዘብ አድርገው ይጫኗቸው።

ትሪውን በመካከለኛው መደብ ላይ አስገብተው ከ9 እስከ 11 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከ8ኛው ደቂቃ ጀምሮ ግን ከመስታወቱ ፊት አይለዩ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ድቡልቡሉ ይሟሽሽና ወደ ጎን ይሄዳል፤ ቀጥሎ ይነፋል፤ ከዚያም ላዩ መሰንጠቅ ይጀምራል። የሚጠበቀው ምልክት ይህ ነው፦ ዳር ዳሩ ሲነኩት ረግቷል፣ መሐሉ እንደተነፋ ነው፣ ስንጥቆቹ ውስጥ ያለው ሊጥ ግን ገና እርጥብና የሚያብረቀርቅ፣ ጥሬ የሚመስል ነው። በዚህ ሰዓት ይውጣ። ስንጥቆቹ ደርቀው ድምቀታቸው ከጠፋ ኩኪሱ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ይሆናል። ብዙ ሰው «ጥሬ ነው» ብሎ የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሆኖም ትሪው ራሱ የያዘው ሙቀት ከወጣ በኋላም ስለሚያበስለው መሐሉ ዝቅ ይልና ይረጋል። ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ትሪው ላይ ሳይነኩት ትተው፣ ከዚያ በጠፍጣፋ ማንኪያ እያነሡ ወደ ሽቦ መደርደሪያ ያዛውሩት። ሁለተኛውን ዙር በጋለ ትሪ ላይ መደርደር ቅቤውን ከኦቭን በፊት ስለሚያቀልጠው ትሪው ቀዝቅዞ ይጠብቅ።

መጋገሩ እንደተጀመረ መብራት ቢጠፋ የኦቭኑን በር ሳይከፍቱ ይጠብቁ፤ ከስድስተኛው ደቂቃ በኋላ ከሆነ በያዘው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ያልገባው ሊጥ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ስለማይጎዳ መብራት እስኪመጣ ይቆያል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ልጋግር የሚል ሰው ካለ አልመክርም፤ ሙቀቱ ከታች ብቻ ስለሚመጣ ላዩ ሳይሰነጠቅ ሥሩ ያርራል።

ስለ አቀማመጡና ስለ ጾሙ

ኩኪሱ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አይከደን፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ቶሎ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይግባ፤ በተለይ በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ካደረ ይደርቃል። አንድ ቁራጭ ዳቦ አብሮ ማስቀመጥ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ኩኪሱ የዳቦውን እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል፣ ዳቦው ይደርቃል። በዚህ ሁኔታ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የቅመሙም ጣዕም በሁለተኛው ቀን ይበልጥ ይዋሐዳል። ለእንግዳ የሚሆን ከሆነ በዋዜማው መጋገር ያስመሰግናል።

የዚህ ኩኪስ ዘመድ የሆነና «ጆ ፍሮገር» የሚባል ትልቅ የሞላሰስ ኩኪስ በማሳቹሴትስ በምትገኘው የዓሣ አጥማጆች ከተማ በማርብልሄድ ይጋገራል። ስሙ የተገናኘው በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ከተሳተፉት ጥቁር ወታደሮች አንዱ ከነበረውና በኋላ በዚያች ከተማ ከባለቤቱ ከሉክሪሽያ ጋር መጠጥ ቤት ከከፈተው ከጆሴፍ ብራውን ጋር ሲሆን፣ ኩኪሱ የሉክሪሽያ ሥራ እንደሆነ ይነገራል። እንቁላልም ወተትም ስለሌለበት ሳይበላሽ ይቆይ ነበርና ዓሣ አጥማጆች ወደ ባሕር ይዘውት ይወጡ ነበር። የእኛን ጾም የሚጾም ሰው ከዚህ የሚረዳው፣ የሞላሰስ ኩኪስ ያለ እንቁላል መጋገሩ የቆየ ልማድ እንጂ አዲስ ፈሊጥ አለመሆኑን ነው።

ለጾም ሲሆን ቅቤው በ150 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት፣ እንቁላሉ ደግሞ በ60 ግራም በተቀቀለና በተፈጨ ፖም ወይም በአራት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይተካ፤ ዱቄቱ ላይ 20 ግራም ይጨመር። ዘይት እንደ ቅቤ ከስኳር ጋር ተመትቶ አየር አይዝም፤ ስለዚህ ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ሞላሰሱንና ፖሙን በአንድ ላይ በሹካ ማዋሐድ ብቻ ይበቃል። ሊጡ ከቅቤው ሊጥ ይልቅ ስለሚለሰልስ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይቆይ፤ በዘይት የተጋገረው ብዙም ባይሰነጠቅም ለመድረቅ ከቅቤው ይዘገያል።

የተረፈ ሊጥ ካለ በስኳር ሳይለወስ አድቦልብሎ ትሪ ላይ ማቀዝቀዝ፣ ከደረቀ በኋላ በላስቲክ ከረጢት አስገብቶ ፍሪዘር ውስጥ እስከ ሁለት ወር ማቆየት ይቻላል። ሲፈለግ ለአሥር ደቂቃ ያህል ከፍሪዘር ውጭ ቆይቶ ስኳሩ እንዲይዘው ከተደረገ በኋላ በተለመደው ሙቀት ይጋገራል፤ ከመደበኛው ሰዓት አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይጨምራል።